ሕጉ፣ ካርዱና የሐረር ሠራተኛ፦ በሥራ ቦታ ከኬሚካሎች ስለሚደረግ ጥበቃ የቀረበ ሂስ

ስለ ሠራተኛ ጤንነት የሚጻፉ ጽሑፎች የተለመደ አካሄድ አላቸው። በቅድሚያ ጤናማ ሠራተኛ የምርታማነት መሠረት መሆኑ ይገለጻል፤ ቀጥሎ አዋጁ ይጠቀሳል፤ በመጨረሻም አሠሪዎች ጓንትና የአፍ መሸፈኛ እንዲያቀርቡ፣ ሠራተኞችም እንዲጠቀሙባቸው ጥሪ ይደረጋል። የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ይሁንና ይህን ጥሪ ይዞ ከሐረር ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች በአንዱ የሚገባ ሰው፣ ጥሪው የተላለፈለትን «አሠሪ» ለማግኘት ብዙ ይቸገራል። የሚያገኘው አንድ በር ብቻ ባለው የድንጋይ ክፍል ውስጥ ከእኅቱ ልጅ ጋር የሚበይድ ብረት ሠሪ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማ በማስቲሽ የሚያጣብቅ ሰው፣ ብር በአሲድ የሚያጠራ አንጥረኛ፣ እቤቷ ሆና የስፌት ሣር በገበያ ቀለም የምታፈላ እናት ነው። እነዚህ ሁሉ ከኬሚካል ጋር ይውላሉ፤ ኬሚካሉን ለመቆጣጠር የወጣው ሕግ ግን አያውቃቸውም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚናቁ ሰነዶች አይደሉም። አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አደጋንና በሽታን መዝግቦ እንዲያሳውቅ፣ አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር፣ የሥራው ሂደትም የኬሚካል ጉዳት ምንጭ እንዳይሆን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም ራሱን የቻለ ትርጉም ተሰጥቶታል። በሠንጠረዥ ከሚዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ በተዛማጁ ሥራ ላይ በቆየ ሠራተኛ ላይ ከታየ፣ መታየቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የማስረዳትን ሸክም ከታማሚው ትከሻ ላይ ያወርዳልና።

የሕጉ ድክመት በሁለት በኩል ይታያል። አንደኛው በግልጽ የሚነበብ ነው፦ አዋጁ የሚሠራው የሥራ ውል ባለበት ብቻ ነው። በራሱ የንግድ ኃላፊነት፣ በራሱ ኪሣራና ትርፍ የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ወሰን ውጭ ነው። የሐረር ቢራ ፋብሪካን በመሰለ ድርጅት፣ ጠርሙስ የሚያጥበው ኮስቲክ ሶዳና ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚዘዋወረው አሞኒያ ባሉበት፣ የሥራ ተቆጣጣሪ ሄዶ የሚያነጋግረው ሥራ አስኪያጅ፣ የሚያየው መዝገብ አለ። ሕጉ የተሰፋው በዚህ ልክ ነው። ለብረት ሠሪውና ለእኅቱ ልጅ ግን ልብሱ እጅግ ሰፊ ነው፤ የእኅት ልጅ ተቀጣሪ ነው ወይስ ለማጅ የሚለውን እንኳ የሚመልስ የለም። ሁለተኛው ድክመት ብዙም አይነገርለትም። አዋጁ ያንን መልካም የማስረጃ ድንጋጌ ያቆመው ሐኪሙ የበሽታውን ስም ከሥራው ጋር አያይዞ ይጽፋል በሚል እምነት ላይ ነው። ሐኪሙ ካልጻፈ ሠንጠረዡ ሥራ ፈት ነው። የዚህ ሂስ ዋና ትኩረትም ወደዚሁ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ ሕግ ማሻሻል የጤና ባለሙያ ተግባር ባይሆንም ካርድ መሙላት የእርሱ ተግባር ነውና።

በቅድሚያ ግን ሥራ ቦታው ይታይ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በግንብ የታጠረችው ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ ካስመረጧት ነገሮች መካከል ጠባብ መንገዶቿና ተጠጋግተው የተሠሩት ቤቶቿ ይገኙበታል። ለጎብኚ ደስ የሚለው ይህ ጥበት ለአየር ዝውውር አይመችም። በትንሽ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውል አንድ ጣሳ ማስቲሽ ቶሉዊን ወይም ኤን-ሄክሴን ሊኖረው ይችላል። ኤን-ሄክሴን የእግርንና የእጅን ነርቮች ቀስ በቀስ ያደክማል። ጫማ ሰፊው እግሬን ደነዘዘኝ ብሎ ሲመጣ የስኳር ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ስኳሩ ደኅና ከሆነ ቫይታሚን ቢ ይሰጠውና ወደዚያው ጣሳ ይመለሳል።

ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ ያለው ጋራዥም የራሱ ጣጣ አለው። ባትላሜራው አሮጌ ቀለም እየፋቀ ይውላል፤ ቀለም ረጪው ዛሬ በመኪና ቀለሞች ውስጥ የተለመደውን አይሶሳያኔት ይተነፍሳል፤ ይህም በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ከታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነው። ሌላው ቤንዚን በጎማ በአፉ ይስባል፤ እጁንም በናፍጣ ይታጠባል። ባትሪ የሚፈታው ደግሞ የእርሳስ ዱቄት በልብሱ ይዞ ወደ ልጆቹ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በጅማ ከተማ ጋራዦች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በጋራዥ ሠራተኞች ደም ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መጠን በንጽጽር ከተመረመሩት ሌሎች ሰዎች ወደ እጥፍ የተጠጋ ነበር። ሐረር ከጅማ የተለየ ቤንዚን፣ የተለየ ባትሪ ወይም የተለየ አሠራር የላትም። ስለ ቀለም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ቁጥር 429 የእርሳስን መጠን በአንድ ሚሊዮን 90 ክፍል ገድቦታል። ደንቡ ወደፊት የሚቀባውን ይመለከታል፤ በበርና በመስኮት ላይ ለዓመታት የተደራረበውን የሚፍቀውን ሠራተኛ ግን አያድነውም።

ከበዓል በፊት ቤት የማጽዳትና ግድግዳ የማስነጣት ልማድ ባለበት ከተማ ኖራም መረሳት የለበትም። ውኃ ያልጠጣ ኖራ ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚያደርሰው ቃጠሎ ከአሲድ የከፋ ነው፤ አልካሊው ወደ ውስጥ እየሟሟ ይዘልቃልና። ሕክምናው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት የሚጀመር ሲሆን ሌላ ምንም ሳይሆን ብዙ ውኃ ነው፤ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት የማያቋርጥ። በሐረር ይህ ምክር ራሱ ፈተና ነው። ለከተማው ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደርቆ፣ ከዚያ ወዲህ ውኃ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ እስከ መምጣት ተደርሷል። ቧንቧው በማይመጣበት ቀን በየዎርክሾፑ አንድ የተሞላ ጀሪካን ለዓይን ማጠቢያ ተብሎ የማይነካ ሆኖ መቀመጡ ከማንኛውም የውጭ መሣሪያ ይበልጥ ዋጋ አለው። ሐይቁን ካደረቁት ምክንያቶች አንዱ ለጫት መስኖ የተሳበው ውኃ መሆኑም ወደ ዋናው ጉዳይ ያደርሳል።

ከሐረር ወጥቶ ወደ አወዳይ የሚሄድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ጫት ያያል። ቡና ላይ የተረጨ መድኃኒት ከፍሬው ቅርፊት ጋር በከፊልም ቢሆን ይወገድ ይሆናል፤ ጫት ግን የሚሸጠው ቅጠሉ ራሱ ነው። ለጋ ቅጠል ተባይ ይወዳዋል፤ የተበላ ቅጠል ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ይረጫል፤ ከተረጨም በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይቆረጣል። በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የታተሙ ጥናቶች በልዩ ልዩ አካባቢዎች በተሰበሰበ ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት ማግኘታቸውን ዘግበዋል። ኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ የሚፈቅድ ሲሆን፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674ም ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥን ከልክሏል። ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 በሌላ መድኃኒት ሲተካ፣ ለዘመናት ይህን ኬሚካል በስፋት ሲጠቀም የነበረው የጤናው ዘርፍ ራሱ እንደ ነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። ገበሬው የዲዲቲን ስም የተማረው ከሱቅ አይደለም፤ በወባ ረጪው ጀርባ ላይ ከተሸከመው ፓምፕ ነው።

ስለ ጫትና ፀረ-ተባይ በሚደረገው ውይይት ላይ አንድ ትችት መቅረብ አለበት። በአመዛኙ የሚለካው ቅጠሉ ላይ የቀረው ነው፤ የሚታሰብለትም ቃሚው ነው። ረጪው፣ ቆራጩና አወዳይ ላይ ተቀምጣ ከሌሊት ጀምሮ እርጥብ ቅጠል በእጇ የምትለይና የምታስር ሴት ከሥዕሉ ውጭ ናቸው። ይሁንና ከሁሉ የሚበልጠው መጠን የሚደርሰው ለእነርሱ ነው። ዲዲቲ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት የሚከማች እንጂ በዚያው ዕለት የሚጥል መርዝ አይደለም፤ በዕለቱ የሚጥለው እንደ ማላታዮን ያለው የኦርጋኖፎስፌት ወገን ነው። ፓምፑ ያፈስና ሸሚዝ ያርሳል፤ የረጠበው ሸሚዝ በጀርባ ላይ ይደርቃል፤ የተዘጋው የመርጫ አፍ በአፍ ተነፍቶ ይከፈታል። ኬሚካሉ በሳንባ ብቻ የሚገባ የሚመስለው ረጪ አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ እግሩን ባዶ ያደርጋል፤ ብዙው መጠን በቆዳ በኩል እንደሚገባ የነገረው የለም።

ቋንቋም እዚህ ላይ ጥፋት አለው። በገበያም በእርሻም ይህ መርዝ የሚጠራው «መድኃኒት» ተብሎ ነው፤ በአካባቢው በሚነገረው ኦሮምኛም «ቆሪቻ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ያዝላል። አንድ ሰው ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ይዞ ይመጣል፤ ከገበያም መድኃኒት ይዞ ይመጣል። የገበያው ብዙ ጊዜ ከዋናው ዕቃ ተቀንሶ በውኃ ፕላስቲክ፣ ማለትም በ«ሃይላንድ» ተቀድቶ ስለሚሸጥ፣ ስም፣ መጠን፣ የአደጋ ምልክት አብሮት የለም። ምልክቱ ቢኖርም እንኳ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ መለያ በቁቤ ለሚያነብ፣ ይልቁንም ጨርሶ ለማያነብ ገበሬ የሚለው ነገር ጥቂት ነው። መንግሥት ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር በመተባበር ጊዜ ያለፈበትን ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ ፀረ-ተባይ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓመታት ሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ልኮ አስቃጥሏል። መጋዘን ውስጥ የተቆለፈውን መርዝ ማስወገድ ተችሏል። በሃይላንድ የሚዞረው ግን ቁልፍም መጋዘንም የለውም።

አሁን ወደ ካርዱ። በካርዱ ራስጌ «ሥራ» የሚል ቦታ ቢኖርም የሚሞላው በካርድ ክፍል ነው፤ የሚጻፈውም «ገበሬ»፣ «ነጋዴ»፣ «የቤት እመቤት»፣ «የቀን ሠራተኛ» የሚል ነው። ነጋዴ የተባለው ባትሪ ፈቺ ሊሆን ይችላል፤ የቤት እመቤት የተባለችው ደግሞ የአወዳይ ጫት አሳሪ። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ለታማሚ በሚቀርቡት ጥያቄዎች ላይ ሥራው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ እንዲጨመር አሳስቦ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ጥያቄው በሕክምና ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ፈተና ላይም ይመጣል። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል፣ ከበሩ ውጭ ረጅም ሰልፍ ባለበት ማለዳ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣለው ጥያቄ ይኸው ነው። ይህን የሚያደርገው ሐኪም ሰነፍ አይደለም፤ ጊዜ የለውም። ነገር ግን ጊዜ ማጣቱ የሚያስከትለው ስሕተት አንድ ዓይነት መልክ ያለው መሆኑ ሊያሳስብ ይገባል።

እርሳስ ሆዱን የቆረጠው ጋራዥ ሠራተኛ «ጨጓራ» ይባላል፤ ደሙ ሲያንስ ብረት ይታዘዝለታል። በቲነር ሽታ ራሱን የሚያመው ቀለም ቀቢ «ማይግሬን» ነው፤ እቤቱም «ምች» ይሉታል። በብየዳ ጭስ ደረቱ የታፈነ ሰው አክታው ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል፤ ይህ ትክክል ነው፤ አክታው ነፃ ሲሆን ግን ፍለጋው እዚያው ያበቃል። አዋጁ በአካባቢው የተለመዱ ተዛማች በሽታዎችን ከሥራ በሽታ ትርጉም ማውጣቱ ምክንያታዊ ሆኖ ሳለ፣ ተዛማች በሽታ በሞላበት አገር ሐኪሙ ሁሉንም ሳል ወደዚያው እንዲያዞር ልማዱን ሕግ ያጸናለታል። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲጠቃለል በሐረር በኬሚካል የታመመ ሠራተኛ አይኖርም ማለት ይቻላል። ያልተመዘገበው እንደሌለ ይቆጠራል፤ ለሌለ ነገርም በጀት አይያዝም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የረጪው ነው። ምራቁ እየተዝረከረከ፣ ብሌኑ ጠቦ፣ ደረቱ እያንቋረረ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ወጣት በመጀመሪያ የሚጠየቀው ከማን ጋር ተጣልቶ እንደ ሆነ ነው። ፀረ-ተባይ ጠጥቶ ራስን የመግደል ሙከራ እውነተኛና ከባድ ችግር በመሆኑ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ዳሩ ግን ጥርጣሬው ከምርመራ አስቀድሞ ሲፈርድ፣ ሲረጭ የዋለው ልጅ በቤተሰቡ ፊት ያልሠራውን እንዲያምን ይጠየቃል፤ የሸሚዙም ጉዳይ ይረሳል። መርዙን የጠጣውና መርዙ ላዩ ላይ የፈሰሰበት አንድ ዓይነት አትሮፒን ያስፈልጋቸዋል፦ ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ሳንባው እስኪጠራ በየአምስት ደቂቃው መጠኑን በእጥፍ እየጨመሩ፤ የብሌን መስፋት መለኪያ አይደለም። ሁለተኛው ግን ከዚያ በተጨማሪ መገፈፍና በሳሙናና በውኃ መታጠብ አለበት። ልብሱ ካልወለቀ አትሮፒኑ በአንድ በኩል ሲገባ መርዙ በሌላው ይገባል። የሚያጥበው ነርስም የተለመደው ስስ የላቴክስ ጓንት እንደማይበቃው፣ ናይትራይል እንደሚሻለው ሊያውቅ ይገባል። ታማሚው ተሽሎት ከተነሣ በኋላም ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አንገቱን ማቅናት ሊያቅተውና ትንፋሹ ሊቆም ስለሚችል፣ አልጋ ጠበበ ተብሎ በማግሥቱ መሰናበት የለበትም።

ይህ ልጅ የረጨው በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ነው፤ የታከመው በሐረሪ ክልል ነው፤ ያከመው ሆስፒታል የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሊሆን ይችላል። መርዙን የሚመዘግበው የግብርናው ዘርፍ፣ ሠራተኛን የሚመለከተው ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ በሽታን የሚቆጥረው ጤና ሚኒስቴር ነው። ሐኪሙ ልጻፍ ቢል እንኳ ለማን እንደሚጽፍ ግልጽ አይደለም። ያም ሆኖ ሐረር አንድ ዕድል አላት፦ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርትና በሐረር የሚገኘው የጤና ኮሌጁ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። የተባይ መድኃኒት የሚያጠናው ምሁርና የተመረዘውን የሚያክመው ሐኪም ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከአንድ ተቋም ነው። በድንገተኛ ክፍል አንድ ደብተር ተከፍቶ የመርዙ ስም፣ የተገዛበት ገበያ፣ ሲረጭ ነው ወይስ ጠጥቶ የሚለው ቢመዘገብ፣ ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

ስለ መከላከያም የተለመደው ምክር እንደገና መታየት አለበት። ሙያው ራሱ የሚያስተምረው ቅደም ተከተል ኬሚካሉን ማስወገድ፣ በቀለለ መተካት፣ አየር ማስገባት፣ አሠራር መለወጥ፣ በመጨረሻ ጓንትና ጭምብል ማልበስ ነው። በተግባር የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ ርካሽና ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚመች ስለ ሆነ ይመስላል። የጨርቅ የአፍ መሸፈኛ ጋዝና እንፋሎት አያግድም፤ አጥልቆ የደፈረ ሠራተኛ ካላጠለቀው የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። ወተትም እንዲሁ ነው። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነት ከቤት አልፎ በአንዳንድ ድርጅቶች የወተት አበል እስከ መሆን ደርሷል። ወተት ምግብ ነው፤ እርሳስንም ሆነ ኦርጋኖፎስፌትን ከደም አያወጣም። ሠራተኛው አበሉን አይጥላ፤ የጤና ባለሙያ ግን በዝምታው ሊያጸድቀው አይገባም።

ይህ ሁሉ ትችት ወደ ራሱ ወደ ጤና ተቋሙ ሲዞር ይበልጥ ይከብዳል። ላቦራቶሪው ፎርማሊን አለው፤ ይህ ኬሚካል ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ካረጋገጠ ቆይቷል። የመሣሪያ ማጽጃው ግሉታራልዴሃይድ አስም ይቀሰቅሳል። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ የክሎሪን አጠቃቀም በርክቷል፤ 0.5 በመቶው የሚበጠበጠው ብዙ ጊዜ መስኮት በሌለው የዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ክሎሪን የሽንት ቤት ማጽጃ ከሆነ አሲድ ጋር በአንድ ባልዲ ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ነው። ባልዲውን የምትበጠብጠው የጽዳት ሠራተኛ ይህን የነገራት ላይኖር ይችላል። ሲያስላት ወደዚያው ተቋም ተመላላሽ ክፍል ትሄዳለች። በካርዷ ላይ ሥራዋ «የመንግሥት ሠራተኛ» ተብሎ ተሞልቷል፤ ከሥሩም «ብርድ» ተብሎ ይጻፍላትና ወደ ባልዲዋ ትመለሳለች።